ለውጤቱ ቀጠሮ አለ፣ ለቁስሉስ?

ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች፣ እንዲሁም ከቆዳ ላይ ናሙና ለሚወስዱ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ሁሉ

ይህ ደብዳቤ የሚያወራላቸው ሴት አንድ ሰው አይደሉም። በጤና ጣቢያ የድሬሲንግ ክፍል ደጃፍ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች እርስ በርስ ከሚያወጉት ተለቃቅመው የተሠሩ ናቸው። ስም ስለሌላቸው ደብዳቤው እትዬ ይላቸዋል። እትዬ 61 ዓመታቸው ነው። በሰሜን ሸዋ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። በቀኝ ቅልጥማቸው ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው፣ ጠርዙ የሻከረ ነገር ወጣባቸው። ቅባት ቢቀባም አልጠፋ አለ። ልጃቸው ሥራዋን አስፈቅዳ ይዛቸው አዲስ አበባ ገባች።

የቆዳ ሐኪሙ በአጉሊ መነጽር አየና «ናሙና ወስደን እንመርምረው» አለ። ማደንዘዣ ተወጋ። ጫፉ እንደ እስክሪብቶ ቀፎ ክብ የሆነ ምላጭ ዞር ዞር ተደረገ፤ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቁራሽ ብልቃጥ ውስጥ ገባች፤ ሁለት ስፌት ተሰፋ። ነገሩ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ከክፍሉ ሲወጡ በእትዬ እጅ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነበረች፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለውጤት የሚመለሱበት ቀን ተጽፎባታል። በቃል የተነገራቸውም አንድ ነገር ብቻ ነው። «ውሃ እንዳይነካው።»

እስከ መቼ እንደሆነ ግን ማንም አልነገራቸውም።

ምክሩ ስህተት የለበትም፤ ግን የአንድ ወይም የሁለት ቀን ምክር ነው። ቁስሉ በመጀመሪያው ቀን ደርቆ መቆየቱ ደሙ እንዲረጋና ስፌቱ እንዲይዝ ይረዳል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ካለፈ በኋላ ንጹህ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ለቁስሉ ይጠቅሙታል እንጂ አይጎዱትም። ይህን ሐኪሙ ያውቃል፣ ነርሷም ታውቃለች፤ ለእነሱ ከማወቅ ብዛት መነገሩ ተረሳ። እትዬ ደግሞ ሐኪም ያለውን የሚያከብሩ ሰው ናቸውና እግራቸውን ለ19 ቀን ውሃ ነሡት።

በ19ኛው ቀን ፕላስተሩ ራሱ ተናገረ። ላብና የሊጥ ፍንጣቂ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ይሸታል። እትዬ እንደምንም ሳብ ሲያደርጉት ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ኖሮ ቅርፊቱን ይዞ ተነሣ። ከሥሩ እዥ የሚያወጣ፣ ዙሪያው የቀላ ጉድጓድ ታየ። የስፌቱ ክርም እዚያው አለ። የእግር ስፌት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ መውጣት ሲኖርበት የእትዬ ክር ግማሹ ሥጋ ለብሷል። ክሩን ማን፣ የት፣ መቼ እንደሚያወጣው የቀጠሮ ወረቀቷ ላይ አልተጻፈም። እሳቸው ክር የሚቀልጥ መስሏቸው ነበር። የሚቀልጥ ክር መኖሩን ከጎረቤት ሰምተዋል፤ የእሳቸው ከዚያኛው ወገን አለመሆኑን ግን የነገራቸው የለም።

ሐኪም ዝም ሲል ጎረቤት ይናገራል። አንዷ የአምፒሲሊን እንክብል ፈልቅቃ ዱቄቱን ነሰነሰችበት። ሌላዋ የዳማ ከሴ ጭማቂ አመጣች። አንድ ዘመድ ከፋርማሲ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ገዝቶ መጣ፤ ሲፈስበት አረፋ መድፈቁ ለሁሉም የመሥራቱ ማስረጃ ሆነ። ቁስሉን ሽታ እንዳይመታውም ጤና አዳም በአፍንጫቸው ተወተፈ፤ ሽቶ የተቀባም ሆነ ከመንገድ የመጣ ሰው እንዳይጠጋቸው ተከለከለ። የሽታው ነገር ሐኪም ፊት ቢነሣ ያስቅ ይሆናል። ነገር ግን እነዚህ ጎረቤቶች ክሊኒኩ ያላደረገውን አድርገዋል፤ ዛሬ ምን እንደሚደረግ፣ ነገ ምን እንደሚደረግ፣ ማን እንደሚያደርገው ለእትዬ ነግረዋቸዋል። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያጣ ከየትም ያመጣዋል።

ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው። የአምፒሲሊን ዱቄት ከእዡ ጋር ተቦክቶ እንደ ስሚንቶ ይደርቃል፤ ከሥሩ መግል ይኑር አይኑር ማየት አይቻልም፤ ቆዳን ሊያስቆጣም፣ ባክቴሪያን መድኃኒት ሊያለማምድም ይችላል። አረፋ የሚደፍቀው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጀርሙን ከአዲሱ ሥጋ አይለይም፤ ለመጠገግ የሚተጉትን ሕዋሳት አብሮ ያቃጥላል። አልኮልም እንዲሁ ነው። «ቁስል ይድረቅ፣ አየር ያግኝ» የሚለው የቆየ እምነት እንኳ በሳይንስ ዘንድ ከተሻረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ሙከራ ተሸፍኖ እርጥብ የቆየ ቁስል አየር ላይ ተትቶ ከደረቀው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት አዲስ ቆዳ እንደሚለብስ አሳየ። ምክንያቱም ቀላል ነው። አዲሱ ቆዳ ከጠርዝ ወደ መሀል እየተሳበ ይመጣል፤ ደረቅ ቅርፊት ካገኘ ከሥሩ መቦርቦር አለበት፣ እርጥብ ከሆነ በላዩ ይንሸራተታል።

እርጥበቱን የሚጠብቀው ነገር ደግሞ በአብዛኛው ቤት መደርደሪያ ላይ አለ። ተራ ቫዝሊን ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ሮበርት ቼዝብሮ እ.ኤ.አ. በ1872 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ይህ ቅባት መጀመሪያ የተገኘው በነዳጅ ጉድጓድ መሣሪያዎች ላይ ከሚጋገረው ዝቃጭ ነው፤ ሰውዬው ገበያ እየዞረ የገዛ ቆዳውን እያቃጠለ በላዩ በመቀባት ያሻሽጠው ነበር ይባላል። የሻጭ ትርዒቱ ይቅርና እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ትንንሽ የቆዳ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 922 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ቁስላቸውን ነጭ ቫዝሊን፣ ግማሾቹ ባሲትራሲን የተባለውን የጸረ ባክቴሪያ ቅባት ተቀቡ። ኢንፌክሽን በቫዝሊኑ ወገን 2 በመቶ፣ በመድኃኒቱ ወገን 0.9 በመቶ ሆነ፤ በዚህ ቁጥር ልዩነቱ ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም። በመድኃኒቱ ወገን አራት ሰዎች ቆዳቸው በአለርጂ ተቆጣ፤ በቫዝሊኑ ወገን አንድም ሰው አልተቆጣም። ለተራ የናሙና ቁስል ውድ ቅባት ማዘዝ ግድ አይደለም ማለት ነው። የእትዬ ዘመድ ለፐርኦክሳይዱ ያወጣው ገንዘብ ንጹህ ጎዝ ይገዛ ነበር።

ሦስት ሳምንቱ ሞላ፤ እትዬ ለውጤት ተመለሱ። ወረቀቱ ተነበበ፤ ካንሰር አይደለም፣ የቆየ የቆዳ ብግነት ነው። ልጃቸው እፎይ አለች። እትዬ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ቁስሉን ሊያሳዩ ሲሉ ቀጣዩ ታካሚ በሩን ከፍቶ ገብቶ ነበር። ሐኪሙን መኮነን ቀላል ነው፤ ያን ዕለት በሩ ላይ ስንት ሰው ይጠብቀው እንደነበር ያየ ሰው ግን ቶሎ አይፈርድበትም። ችግሩ የአንድ ሰው ልብ ማነስ አይደለም። ሥራው የተሰነጠቀበት መንገድ ነው። የሥጋ ቁራሿ ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ስትሄድ መለያ ቁጥር፣ መዝገብ፣ ተቀባይና የመመለሻ ቀን አላት። ቁራሽዋ የተነሣችበት ጉድጓድ ግን ከነዚህ አንዱም የለውም። ባዮፕሲ (ናሙና ወስዶ መመርመር) የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1879 ያወጣው ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም ኧርነስት ቤኒየ «ሕይወት» እና «ማየት» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ነው የሠራው። እዚህ ዓይኑ ብልቃጡን ተከትሎ ላቦራቶሪ ገባ፤ ሕይወት ያለው እግር ከነቁስሉ በአውቶቡስ ወደ ሰሜን ሸዋ ተመለሰ።

በስድስተኛው ሳምንት እትዬን ያየቻቸው የሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ቁስሉን ከማጠቧ በፊት ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«እናቴ፣ በቀን ስንት ሰዓት ይቆማሉ?»

«ከሌሊቱ 10 ሰዓት ምጣዱን እጥዳለሁ፤ ረፋድ ላይ 5 ሰዓት ሲሆን ነው የምነሣው... ምን እነሣለሁ፣ ቀድሞውንም ቆሜ ነው ልጄ።»

ነርሷ በአውራ ጣቷ ከቁስሉ በታች ቅልጥሙን ጫን አድርጋ ያዘችና ለቀቀችው። ስርጉዱ ቶሎ አልሞላም። እግሩ ውሃ ይዟል። ከጉልበት በታች ያለ ቁስል በተፈጥሮው ዘገምተኛ ነው፤ ደሙ ወደ ላይ ለመመለስ የምድርን ስበት መታገል አለበት፣ ባበጠ እግር ላይ ደግሞ ለቁስሉ የሚደርሰው ምግብና ኦክስጅን ይሳሳል። ፊት ላይ በሳምንት የሚጠግግ የናሙና ቁስል ቅልጥም ላይ ከወር በላይ ሊወስድ ይችላል። ነርሷ ወዲያው ፋሻ አላጠበቀችም። አስቀድማ በእግራቸው ጫማ ላይኛው በኩል የደም ሥሩን ትርታ በጣቷ ፈለገች፤ ትርታው ደካማ በሆነ እግር ላይ ፋሻ ማጥበቅ ሥጋውን ደም ያሳጣዋልና። ትርታው ደህና ነበር።

ከዚያ ጣታቸውን ወጋች። በማግስቱም ቁርስ ሳይቀምሱ ደግማ ለካች። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር በዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራም ከደረሰና ተደግሞ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ነው፤ የእትዬ ሁለቱንም ጊዜ ከዚያ በእጅጉ አለፈ። ለዓመታት ሳያውቁት አብሯቸው ኖሯል ማለት ነው። ከፍ ያለ ስኳር ጀርም የሚዋጉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ያደክማል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ሕመም የመሰማትን አቅም ያዳክማል፤ እትዬ «ብዙም አላመመኝም» ይሉ የነበረው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ናሙናው ከመወሰዱ በፊት አንድ ጠብታ ደም ታይቶ ቢሆን የዚህ ሁሉ ፍንጭ ያን ቀን ይታይ ነበር።

ወሩ የዓቢይ ጾም ነበርና የምግቡም ነገር ተነሣ። ቁስል የሚሞላው በፕሮቲን ነው። ነርሷ ጾሙን ግደፉ አላለችም፤ ለታመመ ሰው ያለውን ነገር የንስሐ አባታቸውን እንዲጠይቁ ነግራ እስከዚያው እንጀራውን ቀንሰው ምስሩንና ባቄላውን እንዲያበዙ መከረቻቸው። ለስኳሩም ይህ ይበጃል። ሥጋ የለበሰውን ክር በጥንቃቄ አወጣች፤ የደረቀውን ዱቄት በውሃ አለስልሳ አነሣች፤ ቫዝሊን፣ ጎዝ፣ ከጣት ሥር እስከ ጉልበት ልከኛ ፋሻ። ዱካ ላይ ተቀምጠው እንዲጋግሩ፣ ሥራ ሲያበቃ እግራቸውን ከልብ ከፍታ በላይ እንዲሰቅሉ አዘዘች። የስኳር መድኃኒትም ተጀመረ። ከዚያ በአራተኛው ሳምንት ጉድጓዱ ሻረ፤ ሐምራዊ ጠባሳ ቀረ።

የማይሽር ቁስል ሁሉ ግን በፋሻና በቫዝሊን የሚመለስ አይደለም፤ ይህን ካልተናገረ ደብዳቤው ራሱ ያሳስታል። ከአራት ሳምንት በኋላ መጥበብ ያልጀመረ የናሙና ቁስል «ለምን?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። አንዳንዴ መልሱ ናሙናው የተወሰደለት በሽታ ራሱ ነው። በሰሜኑ ደጋ ቁንጭር፣ በወሎ በኩል ደግሞ ሻህኝ የሚባለው የቆዳ ሌይሽማኒያሲስ እስካልታከመ ድረስ በላዩ የተወጋውንም የተቆረጠውንም ቁስል ያቆየዋል። የቆዳ ካንሰርም እንዲሁ ነው። ብርቅ ቢሆንም በነካኩት ቁጥር የሚሰፋ የቁስል በሽታም አለ፤ ኢንፌክሽን መስሎት ደጋግሞ የሚቆርጠው ሐኪም ሳያውቅ ያባብሰዋል። ለሥጋ ደዌ ብግነት ወይም ለሌላ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ለወራት የሚወስድ ሰው ቁስሉ የሚዘገየው በመድኃኒቱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የላቦራቶሪው ወረቀትና ቁስሉ ጎን ለጎን መታየት ያለባቸው። ወረቀቱ «ምንም የለም» ብሎ ቁስሉ ከሰፋ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፤ ብዙ ጊዜ እንደገና መታየት ያለበትም ወረቀቱ ነው።

ቢሮዎቹ «ይህን የሚያህል ነገር በአገራችን አቅም» ሊሉ ይችላሉ። በአገራችን አቅም ተሠርቶ ታይቷል። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ በነበረው ግቢ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት፣ እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች በየቀኑ እግራቸውን በውሃ እንዲዘፈዝፉ፣ የደደረውን ቆዳ እንዲፍቁ፣ ቅባት እንዲቀቡ ሲያስተምር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽም ታካሚዎቹ በየሰፈራቸው ተሰባስበው አንዱ የሌላውን ቁስል የሚያይባቸው ቡድኖች አደራጅቷል። በምሥራቅ ጎጃም ደግሞ ቀይ አፈር በባዶ እግር መርገጥ በሚያመጣው የእግር እብጠት፣ ማለትም በፖዶኮኒዮሲስ የተያዙ 696 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ሕክምናው እጥበት፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለው ብግነት ሕክምናውን ዘግይተው ከሚጀምሩት ጋር ሲነጻጸር በአምስት አንድ እጅ ገደማ ቀነሰ። ገበሬ አርሶ ገብቶ እግሩን በዚህ ትጋት ማጠብ ከቻለ፣ አንድ የናሙና ቁስል ለሁለት ሳምንት መንከባከብ ለማንም ከባድ አይሆንም፤ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው ካገኘ።

ደብዳቤው የሚጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። ከቆዳ ላይ ናሙና የሚወስድ ማንኛውም ተቋም ለታካሚው ግማሽ ገጽ ወረቀት በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም በሌላውም፣ ይስጥ፤ ማንበብ ለማይችል አብሮት ለመጣው ሰው ጮክ ብሎ ያንብብለት። የሳምንት ጎዝና ፕላስተር አብሮ ይስጥ። ስፌቱን በመኖሪያው አቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ እንዲያወጣለት ቀን የተቆረጠበት ማስተላለፊያ ይጻፍለት። ለ4 ሚሊ ሜትር ቁስል ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ መመላለስ የበሬ መሸጫ ምክንያት መሆን የለበትም። በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ አሉ፤ ቁስሉን አንድ ጊዜ ገልጦ ማየት ከሥራቸው የራቀ አይደለም። ምላጭ ከመነሣቱ በፊት ደግሞ ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ፦ ስኳር አለብዎት ወይ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ፣ እግርዎ ማታ ማታ ያብጣል ወይ።

ወረቀቱን ማን ይጽፈዋል የሚል ካለ ረቂቁ ይኸው። ከእትዬ ነርስ አፍ የተወሰደ ነው፤ ሐኪሞች ያርሙት።

«ዛሬ ከቆዳዎ ላይ ትንሽ ናሙና ተወስዷል። እስከ ነገ በዚህ ሰዓት ፋሻውን አይፍቱት፣ አያርጥቡትም። ደም ከፈሰሰ በንጹህ ጨርቅ 15 ደቂቃ እጅዎን ሳያነሡ ይጫኑት፤ ካልቆመ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይሂዱ። ከነገ በኋላ በየቀኑ እጅዎን ታጥበው ፋሻውን ይፍቱ፤ ከተጣበቀ አይንጨቁት፣ በውሃ ያርሱት። ቁስሉን በንጹህ ውሃና በሳሙና ቀስ አድርገው ይጠቡት፤ ውሃው የሚያጠራጥር ከሆነ አፍልተው ያቀዝቅዙት። ከአዲስ ዕቃ የተከፈተ ቫዝሊን በስሱ ቀብተው በጎዝ ይሸፍኑት። የእንክብል ዱቄት፣ አልኮል፣ ቅቤ፣ ቡና፣ ቅጠል አያድርጉበት። ቁስሉ እግርዎ ላይ ከሆነ ሲቀመጡ ከፍ አድርገው ያሳርፉት። ስፌቱ የሚወጣው በ........ ቀን በ........ ጤና ጣቢያ ነው። ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ፣ ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ከባሰ ወይም ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ። አራት ሳምንት ሆኖት ካልጠበበ ውጤትዎ ደርሶም ቢሆን ተመልሰው ይምጡና ቁስሉን ያሳዩ።»

ከዚህ በታች አንድ መስመር ይቀራል፤ «ለጥያቄ የሚደውሉበት ስልክ» ይላል። ቁጥሩ ከሥራ ሰዓት ውጭም የሚነሣ መሆን አለበት። ያን ቦታ ነርሷ መሙላት አልቻለችም፤ የቢሮው ነው።